የሌኒን አንገት

ሌኒን ታሞ ከተኛ በኋላ ለሐኪሞቹ ያጫወታቸው አንድ ጨዋታ አለ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የሩሲያ ገበሬ፣ ኢሊች አንተን የሚገድልህ ኮንድራሽካ ነው ብሎ ተንብዮለት ነበር። በምን አወቅህ ቢለው፣ አንገትህ እጅግ አጭር ስለሆነ ነው ብሎ መለሰለት።

ኮንድራሽካ ሩሲያውያን በተራ ንግግራቸው ሰውን ድንገት የሚጥለውን፣ ጎኑን የሚያሽመደምደውን፣ ምላሱን የሚያስረውን በሽታ የሚጠሩበት ስም ነው። የሰው ስም ነው፤ ኮንድራቲ የሚለው የወንድ ስም ሲቆላመጥ እንዲህ ይሆናል። ኮንድራቲ የሚባል ሰውዬ ከጓሮ ብቅ ብሎ ያነቀው ይመስል «ኮንድራሽካ ያዘው» ይላሉ። እኛም «ምች መታው»፣ «መጋኛ መታው» እንላለን። ዛሬ ከተሜው «ስትሮክ» ማለት ለምዷል፤ የእንግሊዝኛው ቃልም ቢሆን ሲተረጎም ያው «ምት» ነው። ሦስቱም ቋንቋዎች በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ምት ካለ መቺ አለ። መቺ ካለ ደግሞ ሰው ማፈላለጉ አይቀርም። ማን መታው? ለምን መታው? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ ስለዚህ በሽታ ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይኸው ነው። በሽታው ከአንገታችን ሥር ቁጭ ብሎ እኛ ታሪክ ስንፈጥርለት ኖረናል። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመታቱ የፈረንጆቹ መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

በደርግ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማርን ሰዎች የሌኒንን ፊት ከብዙ ዘመዶቻችን ፊት አብልጠን እናውቀዋለን። አብዮት አደባባይ ላይ ከማርክስና ከኤንግልስ ጋር ተደርድሮ ስናየው አድገናል። ከሦስቱ አንገቱ የሚታየው የእሱ ብቻ ነበር፤ የሁለቱን ጺማቸው ሸፍኖታል። ግን አንገት ማን ያያል? የምናየው ግንባሩን ነበር። ያ ሰፊ ግንባር የያዘው ነገር ነው እየተባለ ፖለቲካ ትምህርት ላይ የተነገረን ሁሉ ትዝ ይለኛል። ሶቪየቶች በመጨረሻ አሰባስበው ያሳተሙት ሥራው 55 ጥራዝ ነው። ሁሉም ሰው፣ ሐኪሞቹም ጭምር፣ ወደዚያ ግንባር ሲያንጋጥጥ ነበር ነገሩ የሆነው።

በ1921 ሌኒን ገና 51 ዓመቱ ነው። ራስ ምታቱ አልለቅ አለው፤ እንቅልፍ እምቢ አለው፤ አልፎ አልፎ ያዞረዋል፤ ሥራ ቶሎ ይሰለቸዋል። ከሐኪሞቹ የሚሰማው ፍርድ ድካም የሚል ነበር፤ ዕረፍት ታዘዘለት። በ1922 መጀመሪያ ላይ ከጀርመን የመጣ ክሌምፔረር የተባለ ፕሮፌሰር ግን ሌላ ሐሳብ አቀረበ። በነሐሴ 1918 ሌኒን ላይ ተተኩሶበት ነበር፤ ተኮሰች ተብላ የተገደለችው ፋኒ ካፕላን ናት። ሁለት ጥይት ሰውነቱ ውስጥ ቀርቷል። ታዲያ የራስ ምታቱ ምንጭ የጥይቱ እርሳስ መርዝ ቢሆንስ? አሳማኝ ታሪክ ነው፤ መቺው ይታወቃል፣ በትሩም በእጅ ይዳሰሳል። ሚያዝያ 23 ቀን 1922 ቦርሻርት የተባለ የበርሊን ቀዶ ሐኪም ሞስኮ መጥቶ ከአንገቱ ግርጌ በቀኝ በኩል ያለውን ጥይት አወጣ። እንግዲህ አስቡት፤ ቢላዋ ያ አንገት ላይ አርፏል። የፈለገው ግን ጥይት ነበር፤ ጥይቱንም አገኘው።

ወር አልፎት ጥቂት ቀናት እንኳ ሳይሞላ፣ ሜይ 25 ለ26 አጥቢያ፣ ሌኒን ጎርኪ በሚባለው የሞስኮ ዳርቻ ማረፊያው ሳለ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ዛለ፤ ንግግሩ ተሳሰረ። አባቱ ኢሊያ ኡሊያኖቭም በ1886 በ54 ዓመታቸው የሞቱት በድንገተኛ የአንጎል ሕመም ነበር። ይህ በቤተሰቡ የሚታወቅ ነገር ነው።

ከጥይቱ በኋላ ተራው የቂጥኝ ሆነ። በዚያን ዘመን መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ደጋግሞ ጎኑ ሲዝልና ምላሱ ሲተሳሰር ሐኪም ከሚጠረጥራቸው ነገሮች የመጀመሪያው ቂጥኝ ነበር። የደም ምርመራው የለበትም አለ። ያም ሆኖ ጥርጣሬው አልለቀቀም፤ ለቂጥኝ የሚሰጡ መድኃኒቶች ተሰጥተውታል። ከጀርመንና ከስዊድን ሳይቀር ታላላቅ የነርቭ ሐኪሞች ተመላለሱበት። በታኅሣሥ 1922 ቀኝ ጎኑ ጨርሶ ሽባ ሆነ። በቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እየተፈቀደለት ለፓርቲው ጉባኤ የሚሆን ደብዳቤ በቃል አስጻፈ፤ ጃንዋሪ 4 ቀን 1923 ባከለው ማስታወሻ ስታሊንን ከዋና ጸሐፊነት የምታነሱበትን መንገድ ፈልጉ የሚል ቃል አስገባበት። ማርች 10 ላይ ሦስተኛው ምት መጣና ንግግሩን ወሰደው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የ55 ጥራዙ ባለቤት በሰዎች ፊት ደጋግሞ የሚያወጣት አንዲት ቃል ቀረችው፤ «ቮት-ቮት»። እንደኛ «ይኸው፣ ይኸው» እንደማለት ነው። ሲስማማም፣ ሲቆጣም፣ ሲጠይቅም ያቺው ናት። ባለቤቱ ክሩፕስካያ እንደ ሕፃን ፊደል ታስቆጥረው ጀመር። በግራ እጁ መጻፍ ይለማመድ ነበር። ጃንዋሪ 21 ቀን 1924 በ53 ዓመቱ ሞተ።

በማግሥቱ አብሪኮሶቭ የተባለው ፓቶሎጂስት እዚያው ጎርኪ አስከሬኑን መረመረ። በአንገት ግራና ቀኝ እየመቱ ወደ አንጎል የሚወጡ ሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች አሉን፤ በድሮው የሳይንስ መጽሐፋችን አጠራር ደም ቅዳ ናቸው፤ ሐኪሞች ካሮቲድ ይሏቸዋል። የሌኒን የግራው ደም ቅዳ ወደ ራስ ቅል ገብቶ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ተደፍኗል። ቧንቧ መሆኑ ቀርቶ ድፍን ገመድ መስሏል። በሱ የሚመገበው የግራው የአንጎል ክፍል ሰፋ ሰፋ ባሉ ቦታዎች ሟሙቷል። ቀኝ እጅን የሚያዘውና ንግግርን የያዘው ያ ክፍል ነው። የጤና ኮሚሳሩ ሴማሽኮ በኋላ እንደጻፈው፣ የደም ሥሮቹ አንዳንድ ቦታ ላይ ካልሲየም ተጋግሮባቸው በወረንጦ ሲመቱ እንደ አጥንት ነበሩ።

ጥይት አይደለም። ቂጥኝም አልተገኘም። ቱቦ ነው የተደፈነው። ግን ቱቦ ተደፈነ ብሎ መንግሥት ሐውልት አያቆምም። አብሪኮሶቭ ለበሽታው የሰጠው ስም ያለ ጊዜው ከመበላት የመጣ የደም ሥር መድረቅ የሚል ዓይነት ነበር። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ማሳመር ቀላል ሆነ። ለሕዝብ ሲያስብ፣ ሲያስብ፣ የአንጎሉ ደም ሥር አልቆ ሞተ! በሥነ ጽሑፍ ደንብ ከሄድን ጥሩ አሟሟት ነው። በሌላ በኩል ትሮትስኪ በ1940 ስታሊን መርዞት ይሆናል ብሎ ጻፈ፤ እሱም ታሪክ ነው፣ እሱም መቺ አለው። አንጎሉ ደግሞ የሊቅነቱ ምሥጢር እንዲገኝበት ለብቻው ተወሰደ። ኦስካር ፎክት የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ተጋብዞ መጣ፤ አንጎሉ ከ30,000 በላይ ስስ ቅጠል ሆኖ ተከተፈ፤ ከተለመደው የሚተልቁ ሴሎች ተገኙ ተባለ። አንጎሉን የገደለውን ቱቦ ግን ያን ያህል ያወራለት የለም።

ሳይታሰብ አገሬ ትዝ ትለኛለች። አፄ ምኒልክን ተደጋጋሚ ሕመም ጎድቷቸው ኖሮ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመጣው ከባድ ምት አንደበታቸውን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ቤተ መንግሥቱ በአንድ ዝምተኛ አልጋ ዙሪያ ሲታመስ ከረመ። አንድ ጀርመናዊ ሐኪም መጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ ተሰጥቷቸዋል እስከማለት ደርሷል፤ የተጠረጠረው ማን እንደሆነ አንባቢ አይጠፋውም፤ በቤተ መንግሥት መርዝ ሲነሳ ጣት ወደ ሴት ነው የሚቀሰረው። የምኒልክን ደም ሥር ያየ ስለሌለ የትኛው ቧንቧ እንደከዳቸው መናገር አይቻልም። ፈንድቶ ይሁን ተዘግቶም አይታወቅም። የሌኒንና የሳቸው ነገር የሚመሳሰልብኝ በበሽታው ሳይሆን በወሬው ነው። ዝም ያለ ንጉሥ ዙሪያ ወሬ ዝም አይልም።

ደግሞ እኮ የሌኒን ሐኪሞች የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። የስዊዘርላንዱ ሐኪም ቬፕፈር በ1658 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ምት የመታቸውን ሰዎች አስከሬን ከፍቶ በአንዳንዶቹ አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ ማየቱን፣ ወደ አንጎል የሚወጡት ቧንቧዎች መዘጋትም ሌላው ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። በ1905 ፕራግ ውስጥ ኪያሪ የተባለው ፓቶሎጂስት፣ የአንገት ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት መንታ መንገድ ላይ ቅባት ያዘለ ደለል ተጋግሮ፣ ቆስሎ፣ ደም ረግቶበት ማየቱንና ከዚያ የሚነሳ ቁራጭ ወደ አንጎል ሊሄድ እንደሚችል ገለጸ። ይህን ደለል ነው ሐኪሞች ፕላክ የሚሉት። በ1914፣ ማለትም ሌኒን ከመውደቁ ስምንት ዓመት በፊት፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ራምሴ ሀንት የተባለ የነርቭ ሐኪም፣ ጎኑ የዛለ በሽተኛ ሲመጣላችሁ አንገቱንም መርምሩ ብሎ ባልደረቦቹን አስጠንቅቋል። የሰማው ብዙ አልነበረም። አስከሬን ሲመረመር እንኳ ደረት ይከፈታል፣ ሆድ ይከፈታል፣ ራስ ቅል ይከፈታል፤ መካከል ላይ ያለው አንገት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደተዘጋ ይቀበራል።

አንገቱን ያስከፈተው አንድ ካናዳዊ ነው፤ ሚለር ፊሸር ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይል ሐኪም ሆኖ ሲያገለግል መርከቡ በ1941 ሰጥማ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል በጀርመኖች ምርኮ ኖሯል። ከጦርነቱ በኋላ ሞንትሪያል ውስጥ ግማሽ ጎኑ የዛለ ሰው ያጋጥመዋል። ሰውየው እግረ መንገዱን አንድ ነገር ነገረው። ከዚህ በፊት አንድ ዓይኔ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋብኝና ይመለስልኝ ነበር፤ የጠፋብኝ ግን ከዛለው ጎኔ በተቃራኒ ያለው ዓይን ነው አለው። ሌላ ሐኪም ቢሆን በሽተኛው ተምታታበት ብሎ ያልፈው ነበር። ፊሸር ግን አሰበ። የቀኙ የአንጎል ክፍል የሚያዘው ግራ እጅን ነው። ቀኝ ዓይን ደግሞ ደሙን የሚያገኘው የቀኙን የአንጎል ክፍል ከሚመግበው ከዚያው ቧንቧ ነው። ታዲያ አንድ መዘጋት ቀኝ ዓይንንና ግራ እጅን በአንድነት የሚጎዳው የት ላይ ቢሆን ነው? ሁለቱም ከሚቀዱበት ከታች። አንገት ላይ! ፊሸር የሞቱ ሰዎችን አንገት ማስከፈት ጀመረ፤ ያሰበውንም አገኘ። በ1951 ባሳተመው ጽሑፉ፣ አንድ ቀን ቀዶ ሐኪሞች በነዚያ አልፎ ሂያጅ ምልክቶች ጊዜ ደርሰው የተዘጋውን ቦታ የሚያልፉበት መንገድ ያገኙ ይሆናል የሚል ተስፋ አኖረ።

ብዙ አልቆየም። በ1953 ሂውስተን ውስጥ ዴቤኪ የአንድ የ53 ዓመት ሰው አንገት ከፍቶ ደም ቅዳውን ከደለሉ አጸዳ። ሰውየው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ 19 ዓመት ያህል ሌላ ምት ሳይመታው ኖረ። ልብ በሉ፤ 53 ዓመት ሌኒን የሞተበት ዕድሜ ነው። በ1954 ለንደን ላይም በሌላ መንገድ ተሳካ።

ቀሪው ጣጣ በሕይወት ያለን ሰው አንገት ውስጥ ማየት ነው። ሌኒን በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1927፣ ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ በአንገት ደም ቅዳ ውስጥ ቀለም ወግቶ የአንጎልን ደም ሥሮች በራጅ ማንሳት ችሎ ነበር። ነገር ግን ምርመራው ራሱ ምት ሊያመጣ ይችላል። አልፎ ሂያጅ ምልክት ያየውን ሰው ሁሉ አንገቱን እየወጉ መመርመር አይሆንም።

መፍትሔው የመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ፣ ከድምፅ ነው። ሜይ 25 ቀን 1842፣ ሌኒን ከመውደቁ ልክ 80 ዓመት በፊት፣ ክርስቲያን ዶፕለር የተባለ የሒሳብ መምህር እዚያው ፕራግ ውስጥ ስለ ጥንድ ከዋክብት ቀለም አንድ ጽሑፍ አነበበ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚልከው ሞገድ ሲቀርብ ይጠብቃል ሲርቅ ይላላል የሚል ነው። አምቡላንስ እየጮኸ ሲመጣና ሲያልፍ ድምፁ የሚለዋወጠው ለዚህ ነው። በ1845 አንድ የሆላንድ ሊቅ ነገሩን ሊፈትን ብሎ ጥሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ ጭኖ፣ ጆሯቸው የተባ ሙዚቀኞችን ከሐዲዱ ዳር አቁሞ አስነፋቸው። ትክክል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ በጃፓን ኦሳካ፣ ሳቶሙራ የተባለ ተመራማሪ ጆሯችን የማይሰማውን ረቂቅ ድምፅ ወደ ደም ሥር ልኮ የሚመለሰውን ማዳመጥ ጀመረ። ድምፁ ከሚጓዙት የደም ሴሎች ላይ ነጥሮ ሲመለስ ቃናው ይለወጣል። በ1959 ከካኔኮ ጋር ውጤቱን አሳተመ፤ በዓመቱ ገና በጉልምስናው ሞተ። በ1970ዎቹ ሲያትል ውስጥ ያሉ መሐንዲሶችና ቀዶ ሐኪሞች ይህን ማዳመጫ ከአልትራሳውንድ ሥዕል ጋር በአንድ ማሽን አዋሐዱት፤ ቧንቧው ይታያል፣ የደሙም ፍጥነት ይለካል።

ፍጥነቱ ለምን ይጠቅማል ብትሉ የጎማ ቱቦ ጫፍ በአውራ ጣቱ ጨፍኖ አትክልት ያጠጣ ሰው ያውቀዋል። ቀዳዳው ሲጠብ ውሃው ይወረወራል። ደምም እንደዚያው ነው። በ2003 ሐኪሞች በተስማሙበት መለኪያ በሴኮንድ ከ125 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ቧንቧው ግማሽና ከዚያ በላይ ጠቧል ይባላል፤ ከ230 ሲያልፍ 70 በመቶና ከዚያ በላይ። ይህች 70 የምትባል ቁጥር ደግሞ ከባድ ቁጥር ናት። በ1991 የወጣው ትልቁ የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ አልፎ ሂያጅ ምልክት ወይም ቀላል ምት ያየባቸውና ቧንቧቸው ከ70 በመቶ በላይ የጠበበ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ 26 በመቶው በዚያው ጎን ምት መታቸው፤ ከታጠቡት መካከል 9 በመቶው። 1991 ማለት እኛ ዘንድ 1983 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው በሄዱ በቀናት ውስጥ፣ የአዲስ አበባው የሌኒን ሐውልት በክሬን ወረደ። እርምጃ አንስቶ የቆመ ሐውልት ስለነበር «ወደ ቦሌ እየሄደ ነው» ይባልለት ነበር፤ ሳይደርስ ቀረ።

በቅርቡ አንድ ጡረታ የወጡ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን ለዚሁ ምርመራ ይዣቸው ሄድኩ። በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። ቡና ስንጠጣ ሐሳባቸውን ጀምረው ቃሉ ጠፋባቸው፤ ስኒው ከቀኝ እጃቸው ተንሸራተተ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነው ተመለሱ። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ምች ነው፣ ድካም ነው፣ ባዶ ሆድ ነው አሉ። እሳቸውም ደህና ነኝ፣ ወደ ቤት ልሂድ አሉ። እኔ ሌኒንን ሳነብ ከርሜ ነበርና አልለቅም አልኩ።

ማቆያው በነፍሰ ጡሮች ተሞልቷል። አልትራሳውንድ እኛ አገር ስሙ የገነነው በእርግዝና ነው። ተራቸው ደርሶ አልጋው ላይ ሲጋደሙ «ዶክተር፣ ወንድ ነው ሴት?» ብለው ወጣቷን ሐኪም አሳቋት። «ጋሼ፣ አገጭዎን ቀና፣ ፊትዎን ወደ ግድግዳው» አለቻቸው። ቀዝቃዛውን ቅባት አንገታቸው ላይ አድርጋ መሣሪያውን ስታሳርፍ ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጅረት ታየ። ቀጥሎ ድምፁን ከፈተችው። ሿ… ሿ… ሿ… ይላል። የራስ ልብ አንገት ላይ ሆኖ ሲናገር መስማት ይገርማል።

ሐኪሟ ጠያቂ ወዳድ ሆና አገኘኋት። የቧንቧው ግድግዳ ሁለት ቀጫጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ በሚሊ ሜትር ትለካዋለች። 1.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወፈረ ፕላክ ይባላል። ከዚያ መልኩን ታያለች። ካልሲየም የተጋገረበት ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ከኋላውም ጥላ ይጥላል፤ ድምፁ ስለማያልፈው። የሴማሽኮ ወረንጦ ያገኘው ያ አጥንት መሳይ ነገር እዚህ ማሽን ላይ በጥላው ይታወቃል ማለት ነው። ቅባት የበዛበት ለስላሳው ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይደበቃል። ሰው የሚፈራው ድንጋዩን ነው፤ ብዙ ጊዜ ተንኮለኛው ግን ለስላሳው ነው፤ ስስ ቆዳው ተቀዶ ቁራጩን ወደ አንጎል የሚልከው እሱ ነው። ቧንቧው ብዙ ሳይጠብም ሊያደርገው ይችላል።

ይህ ማሽን በ1922 ቢኖር ሌኒንን ያድነው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ወረቀቱን ስነግራት አሰብ አደረገች። የእሱ መዘጋት ወደ ራስ ቅል መግቢያው ላይ ነው፤ አልትራሳውንድ አጥንቱን አልፎ ያንን ቦታ በቀጥታ አያየውም። ሆኖም ላይ የተዘጋ ቧንቧ ታች ያለውን ፍሰት ይለውጠዋል፤ ደሙ ገፍቶ ሄዶ ይመለሳል፤ አንድ ነገር እንዳለ ይናገር ነበር አለችኝ። ይህች ነገር ለእኛም አትናቅም። አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ጠባቡ ቦታ ብዙ ጊዜ ከራስ ቅል ውስጥ እንደሚገኝ አሳይተዋል። አንገትህ ንጹሕ ነው የተባለ ሰው ነገሩ አለቀልኝ ብሎ መውጣት የለበትም። ደግሞም ምት ሁሉ ከመዘጋት አይመጣም፤ ደም ግፊት ያፈነዳውን ቧንቧ አንገት ላይ ፈልገን አናገኘውም።

የባልደረባዬ ቀኙ ደህና ነው። ግራው ላይ መንታ መንገዱ ጋ ጥቁር ለስላሳ ደለል ተኝቷል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 140 ሳንቲ ሜትር። ቀዶ ሕክምናውን በግድ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚናቅም አይደለም። አስፒሪን፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ የደም ግፊት ክትትል፣ የራስ ሲቲ ስካን፣ ከዚያም ድጋሚ አልትራሳውንድ።

«ታዲያ ንግግሬን የወሰደው ይኼ ነው?» አሉ አንገታቸውን በሶፍት እየጠረጉ።

«ሊሆን ይችላል ጋሼ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞዎት ያውቃል? እጅ መደንዘዝ፣ መንገዳገድ?»

የለም አሉ። ጫማቸውን ሊያጠልቁ ጎንበስ ብለው ቀና አሉና፣ ከሦስት ዓመት በፊት መጽሐፍ ሲያነቡ አንድ ዓይናቸው ላይ ጥቁር መጋረጃ ወርዶበት እንደነበር፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እንደተነሳ ነገሩን። ለባለቤታቸውም፣ ለልጆቻቸውም አልነገሩም።

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ተመለሰ እኮ።»

ሐኪሟ ዘግታው የነበረውን ካርድ መልሳ ከፈተችው። «የትኛው ዓይን ነው ጋሼ?» አለቻቸው።